መንገድ ዳር የሚወሰደው ምራቅ ምን ያሳያል?

(ሚኒሶታ ውስጥ ለታክሲ፣ ለዩበርና ለትራክ ሹፌሮች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ። አነጋገሩን ብዙም አልነካሁትም።)

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ለዩበር ሹፌር ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ስለ መድኃኒትና ስለ ሰውነት የምናገረውን በሙሉ ልብ ያዙት። ስለ ሕግ የምናገረውን ግን ጉዳይ የገጠመው ሰው ጠበቃ ዘንድ ይዞት ይሂድ።

ወደዚህ ርዕስ የገባሁት ባንኮኒ ላይ በሚቀርብልኝ ጥያቄ ነው። «ይሄን ኪኒን ውጬ ብነዳ በምራቅ ይይዙኛል?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ድሮ የሚጠየቀው ስለ ሽንት ነበር። አሁን ምራቅ ሆኗል፤ ፖሊስ መንገድ ዳር ከሹፌር ምራቅ ወስዶ አደንዛዥ ነገር የሚፈልግበት ማሽን መጥቷልና። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። «ይይዙኛል ወይ?» ሌላ ነው፣ «መንዳት እችላለሁ ወይ?» ሌላ ነው። ማሽኑ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው። ሕጉ ደግሞ በብዙ ስቴቶች የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። ዛሬ የማወራው በሁለቱ መካከል ስላለው ክፍተት ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ውስጥ ነውና።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። እዚህ አገር በብዛት ስማቸው የሚነሳው ሁለት ናቸው። አንዱ የአቦት ኩባንያ ሶቶክሳ ነው፤ ሌላው የጀርመኑ ድሬገር ኩባንያ ድራግቴስት 5000። ሶቶክሳ በእጅ የሚያዝ ነው። ጫፉ ስፖንጅ የመሰለ ቀጭን ዘንግ አለው። ፖሊሱ ጓንት ያጠልቃል፣ ዘንጉን ከማሸጊያው ያወጣል። ከዚያ ድድ፣ ምላስና የጉንጭ ውስጥ በዘንጉ ይጠረጋል። በቂ ምራቅ ሲጠጣ ምልክቱ ቀለም ይቀይራል። የደነገጠ ሰው አፉ ይደርቃል፤ ስለዚህ አንዳንዴ ይቺ ብቻ ጊዜ ትፈጃለች። ከዚያ ዘንጉ ካርትሪጅ ውስጥ ይገባል፣ ካርትሪጁም ማሽኑ ውስጥ። አምስት ደቂቃ አካባቢ መንገድ ዳር ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የስድስት ነገሮች ውጤት ይወጣል። በያንዳንዱ ፊት ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ።

ስድስቱ እነማን ናቸው? ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ሜታምፌታሚን፣ ኦፒየት የሚባሉት እነ ሞርፊንና ሄሮይን፣ እና ቤንዞ የምንላቸው እነ ቫሊየምና ዛናክስ። አለቀ። ሌላው ሁሉ ለዚህ ማሽን የለም።

ሌላም ልብ በሉ፤ ቁጥር አይሰጥም። ውስጡ የተቆረጠ ልክ አለ። ለማሪዋና ሶቶክሳ ላይ በአንድ ሚሊሊትር ምራቅ 25 ናኖግራም (ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው) ነው። ከዚያ ካለፈ «አለ» ይላል፣ ካላለፈ «የለም» ይላል። 26 ይሁን 2,600 አይነግራችሁም። ስለዚህ ከአልኮል መተንፈሻው ጋር አታምታቱት። ያኛው ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩም ሕጉ ላይ ተጽፏል። የደም አልኮል መጠን 0.08 በመቶ ነው፤ ዩታ ላይ ደግሞ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ 0.05።

አልኮል ደግ ነገር ነው። ለመለካት ማለቴ ነው፤ አትሳቁ። ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ በሰውነት እኩል ይዳረሳል፣ ጉበት በየሰዓቱ ተቀራራቢ መጠን ያስወግደዋል። ልኩ ሲጨምር ስካሩም ይጨምራል። ለዚህ ነው አንድ ቁጥር ቆርጦ «ከዚህ በላይ አትንዳ» ማለት የተቻለው።

ማሪዋና እንዲህ አይገራም። ሰውን የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚባለው፣ ስብ ወዳድ ነው። ሰው ሲያጨስ ደም ውስጥ በደቂቃዎች ሽቅብ ይወጣል፤ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል። የሚወርደው ሰውየው ስለነቃ አይደለም። ከደም ወጥቶ ወደ አንጎልና ወደ ስብ ስለገባ ነው። ስለዚህ ደሙ ውስጥ ያለው ሲቀንስ ሰውየው ገና እንደሰከረ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም አለ። በየቀኑ ሲያጨስ የኖረ ሰው ካቆመ ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዱም ከሳምንታት በኋላ፣ ደሙ ውስጥ ጥቂት ቲኤችሲ ይገኛል። ትናንት አላጨሰ፣ ዛሬ አላጨሰ። ደሙ ግን ይናገርበታል።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኒትሳ የሚሉት፣ በ2017 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት ማሪዋናን እንደ አልኮል በቁጥር ብቻ መዳኘት እንደማይቻል ጽፏል። ከዚያ በፊት በ2016 የትሪፕል ኤ የምርምር ፋውንዴሽን ስቴቶች የቆረጧቸው የናኖግራም ልኮች ሳይንሳዊ መሠረት የላቸውም ብሏል። ትሪፕል ኤ ማለት መኪናችሁ ሲበላሽ የሚጎትተው ድርጅት ነው። ለአጫሽ የሚያዳላበት ምክንያት የለውም።

ወደ ምራቁ እንመለስ። ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ቲኤችሲ አብዛኛው ከደም የመጣ አይደለም። ጭሱ አፍ ውስጥ ሲያልፍ ጥሎት የሄደው ነው። የሰው ልብስ ወጥ ወጥ ቢሸት ወጥ ቤት መግባቱን ያስረዳል፤ መጥገቡን ግን አያስረዳም።

ታዲያ ፖሊስ ለምን ይፈልገዋል? ምክንያቱ ሞኝነት አይደለም። ሽንት የሚያሳየው ገላ ተጠቅሞ የጣለውን ቅሪት ነው፤ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ደም የተሻለ ነው። ግን ሆስፒታል መሄድ፣ ከዳኛ ማዘዣ መጠየቅ፣ ነርስ መጠበቅ አለ። አንድ ሁለት ሰዓት እንደ ቀልድ ያልፋል፤ ቲኤችሲው በዚያው ቁልቁል ወርዷል። ምራቅ እዚያው መኪናው አጠገብ ይወሰዳል፣ ፖሊሱ እያየ ስለሆነ ለማጭበርበር ያስቸግራል፣ የሚያሳየውም በአብዛኛው የቅርብ ሰዓታትን ነው። እኔ መሣሪያውን አልጠላውም። የምጠላው እንደ ፍርድ ሲቆጠር ነው።

የዚህ ነገር አገር ሚሺጋን ናት ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። በማርች 2013 ኤስካናባ በምትባል ከተማ አንድ ከባድ መኪና ቀይ መብራት ጥሶ ቶማስና ባርብራ ስዊፍት የተባሉ ባልና ሚስትን ገጨ። ሁለቱም ሞቱ። ሹፌሩ ደም ውስጥ ቲኤችሲ ተገኘ። ልጃቸው ሕግ አውጪዎቹ ዘንድ ተመላልሶ በ2016 በወላጆቹ ስም የተጠራ ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ መሠረት ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በአምስት ካውንቲዎች የመንገድ ዳር የምራቅ ምርመራ በሙከራ ተጀመረ፤ በ2019 ደግሞ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሰፋ።

የሚሺጋኑ ሙከራ አንድ ጥሩ ጎን ነበረው። ዘንጉን ማንም ፖሊስ እንዲይዘው አልተፈቀደም። ዲአርኢ የሚባል፣ ዕፅ የወሰደን ሹፌር ለመለየት የሚሰጥ ልዩ ሥልጠና የወሰደ መሆን ነበረበት። ዲአርኢ የተጀመረው በ1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ ፖሊስ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ደረጃ ያለው ምርመራ ነው። የዓይን ብሌን በብርሃንና በጨለማ ይታያል፣ የልብ ምት ይቆጠራል፣ የደም ግፊት ይለካል፣ የጡንቻ መላላትና መወጠር ይዳሰሳል። ምራቁ የዚያ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አልነበረም።

እኛ ያለንበት ሚኒሶታ ዘግይታ ገባች። ማሪዋና ለአዋቂ የተፈቀደው በኦገስት 2023 ነው። የዚያኑ ዓመት ምክር ቤቱ የምራቅ መሣሪያዎቹ እንዲሞከሩ አዘዘ። በሙከራው የተሳተፉት ሹፌሮች በፈቃዳቸው ነው። ውጤቱም ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ተከልክሎ ነበር። መሣሪያውን እየመዘኑ ሰውን በዚያው መሣሪያ አለመክሰስ ጨዋነት ነው።

ጨዋነት የጎደለበትም ታይቷል። አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ስቴት፣ በዲሴምበር 2004 ማንንም ሹፌር በዘፈቀደ አስቁሞ ምራቅ መመርመር በዓለም የመጀመሪያ ሆና ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ጋዜጠኛ ተጠርቶ፣ ካሜራ ተደርድሮ ነበር። አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ካሜራ ፊት ፖዘቲቭ ተባለ። ፊቱ አገር ለአገር ታየ። ላብራቶሪው ኋላ ሲመረምር ውጤቱ አልጸናም። ሰውየው ከሰሰ። የመንገድ ዳር ውጤት ላብራቶሪ ሳያረጋግጠው ጥርጣሬ ብቻ ነው የምለው እንዲህ ያለውን አይቼ ነው።

አሁን ሕጉ። ያዙኝ፤ ይሄ ትንሽ ያዞራል።

አሜሪካ ውስጥ አንድ የመንገድ ሕግ የለም። የየስቴቱ ሌላ ነው። በግምት ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ «መንዳት አለመቻሉን አሳየኝ» የሚል ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ሰውየው ደንዝዞ እንደነዳ ማስረዳት አለበት። ሁለተኛው እንደ አልኮል ቁጥር የሚቆርጥ ነው። ሦስተኛው ዜሮ የሚለው ነው፤ ደምህ ውስጥ ቅንጣት ከተገኘ ጥፋተኛ ነህ፣ ብትሰክርም ባትሰክርም።

ይህን በመንገድ እንየው። አንድ ወዳጃችን ከሺካጎ ላስ ቬጋስ ሊዛወር ዕቃውን በራሱ መኪና ጫነ እንበል። በየቀኑ ማታ ማታ ያጨስ ነበር፤ ሁለት ቀን አቁሟል፣ ዛሬ ንቁ ነው። ደሙ ውስጥ ጥቂት ቲኤችሲ ቀርቶታል። ኢሊኖይ ላይ ቁጥር አለ፤ 5 ናኖግራም በደም፣ 10 ደግሞ እንደ ምራቅ ባለ ሌላ የሰውነት ፈሳሽ። የኛ ሰው ከዚያ በታች ነው፣ በሰላም ያልፋል። ሚሲሲፒ ወንዝን ተሻግሮ አይዋ ገባ። እዚያ ዜሮ ነው። አንድ ሰዓት በፊት ሕጋዊ የነበረ ሹፌር፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ወንዝ ስለተሻገረ ብቻ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። ነብራስካ ሲደርስ ጥያቄው ደግሞ «ደንዝዟል ወይ?» ወደሚለው ይመለሳል። ኮሎራዶ ላይ 5 ናኖግራም አለ፤ ግን ቁጥሩ በራሱ አይፈርድም። ጁሪው፣ ማለትም ለፍርድ የሚቀመጡት ተራ ዜጎች፣ ከፈለገ «ደንዝዞ ነበር» ብሎ እንዲገምት ይፈቅድለታል፤ ሰውየውም መከራከር ይችላል። ዩታ ላይ እንደገና ዜሮ። ከዚያ መንገዱ አሪዞናን በጥግ በኩል ነክቶ ያልፋል። አሪዞና ዜሮ ነበረች፤ በ2020 ሕዝቡ ማሪዋናን በድምፅ ሲፈቅድ ለማሪዋና መደንዘዝ መረጋገጥ አለበት ተባለ። ኔቫዳ ለረጅም ጊዜ 2 ናኖግራም የሚል ቁጥር ነበራት፤ በ2021 ለቀላሎቹ ክሶች አነሳችው፣ ለከባዶቹ ግን ተወችው።

አንድ ሰው፣ አንድ ደም፣ ሰባት ስቴት። የላብራቶሪው ወረቀት ያው ነው። የሚተረጉመው ሕግ ነው የሚለያየው።

ሲያትል ዘመድ ያላችሁ፣ ዋሽንግተን ስቴት 5 ናኖግራም ነው፤ ደርሶ ከተገኘ ጥፋት ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ እዚያ ለኮኬይንና ለሜታምፌታሚን ቁጥር አለ፣ ለማሪዋና የለም።

እዚህ ሚኒሶታስ? ይሄን በደንብ ስሙኝ። ሕጉ በአንደኛና በሁለተኛ መደብ (ጥብቅ ቁጥጥር ባለባቸው መደቦች) የተመዘገበ አደንዛዥ ዕፅ በማንኛውም መጠን ሰውነት ውስጥ ይዞ መንዳትን ይከለክላል። ማሪዋና ከዚህ ተለይቶ ወጥቷል፤ በማሪዋና ለመክሰስ መደንዘዝን ማስረዳት ያስፈልጋል። ሌላው ግን ማንኛውም መጠን ነው። ትክክለኛ የሐኪም ትእዛዝ ያለው ሰው መከላከያ አለው። ለምን ይሄን አጥብቄ እንደተናገርኩ ጫት ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

ፍርድ ቤቶቹም ዝም አላሉም። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ገላ የጣለው ቅሪት ራሱ አደንዛዥ ዕፅ አይደለም አለ። በ2013 ደግሞ የሕክምና ማሪዋና ካርድ ያለው ሰው ዜሮው አይመለከተውም፣ ደንዝዞ መንዳቱ ይረጋገጥ አለ። ማሳቹሴትስ በ2017 በገርሃርት ጉዳይ ላይ አንድ የምወደው ውሳኔ ሰጠ። በአንድ እግር ቁም፣ በመስመር ሂድ የሚባለው ፈተና ለአልኮል የተሠራ ነው። ስለዚህ በማሪዋና ጉዳይ ፖሊሱ ያየውን ይናገር፣ ግን «ፈተናውን ወደቀ» አይበል አሉ።

የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 በበርችፊልድ ጉዳይ እስትንፋስና ደምን ለያያቸው። በስካር መንዳት የታሰረን ሰው ያለ ዳኛ ማዘዣ እስትንፋሱን መመርመር ይቻላል። ደሙን ግን መርፌ ወግቶ መውሰድ ሌላ ነው፤ ማዘዣ ወይም ልዩ አስቸኳይ ምክንያት ይፈልጋል። ምራቅ እንግዲህ በሁለቱ መካከል ነው። መርፌ የለውም፣ ግን አፍ ውስጥ ይገባል፤ ከጉንጭ የተነሳ ደግሞ ዲኤንኤም ሊነበብበት ይችላል። ጠበቆች የሚጨቃጨቁት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ማሽኑ ከሚያየው ይልቅ የማያየው ያስፈራኛል።

እኛ ቤት ሶፋ ላይ የሚያስተኛን ምንድን ነው? ለጉንፋን፣ ለአለርጂ፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብለን ያለ ሐኪም ወረቀት የምንገዛው ነው። ቤናድሪል። ስሙ ላይ ፒኤም የሚል ያለበት ሁሉ። ውስጡ በብዛት ያለው ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል ነው። ምላሽን ያዘገያል፣ እይታን ያደበዝዛል። ማታ ሥራ ገብቶ ቀን የሚተኛ ሹፌር ደግሞ ቀኑን እንቅልፍ ለመጥራት ይውጠዋል፤ አመሻሽ ላይ መሪ ይጨብጣል። ማሽኑ ይሄን አያየውም።

አምቢየን የሚባለውም የእንቅልፍ ኪኒን ከስድስቱ ውስጥ የለም። ቤንዞ አይደለምና። በ2013 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ ለሴቶች የሚሰጠውን መጠን ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 ዝቅ እንዲል ያደረገው ለምን ይመስላችኋል? ሴቶች መድኃኒቱን ቀስ ብለው ስለሚያስወግዱ፣ ጠዋት ተነስተው ሲነዱ ገና ደማቸው ውስጥ ስለሚገኝ ነው። ማታ የዋጡት ጠዋት ይነዳል። እህቶቼ፣ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ፌንታኒል ራሱ ከስድስቱ ውስጥ አይቆጠርም። ሰው እየጨረሰ ያለው እሱ ሆኖ ሳለ!

በተቃራኒው ሐኪም አዝዞላችሁ በአግባቡ የምትወስዱት ማሽኑን ሊያስጮኸው ይችላል። ትኩረት ለሚቸግራቸው የሚታዘዘው አደራል ራሱ አምፌታሚን ነው። ዛናክስ ቤንዞ ነው። ፖዘቲቭ መባል ያለ ነው። ስለዚህ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ስምና የሐኪሙን ስም የያዘውን ብልቃጥ መኪና ውስጥ ይዛችሁ ብትገኙ ችግር የለውም፤ በኪስ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ግን አትያዙ። ይሄም ሆኖ «ሐኪም አዞልኝ ነው» ማለት ደንዝዞ ለመንዳት ፈቃድ አይሆንም። ብልቃጡ ላይ የምንለጥፋት ትንሽ ባለቀለም ወረቀት አለች፤ ከባድ ማሽን አትንዳ የምትል። መኪና ከባድ ማሽን ነው። «እኔ ቶዮታ ነው የምነዳው» ያለኝ ሰው አለ።

ጫት። ዝም አላችሁ። እንዲያው ይቅር ብዬ ነበር፤ ግን ካልተነሳ ንግግሩ ጎደሎ ነው።

ጫት ከስድስቱ ውስጥ በስሙ የለም። ይሄን የሰማ አንዳንዱ «እንግዲያው ሰላም ነን» ይላል። ቆይ። እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ አንደኛ መደብ ውስጥ ነው፤ ሄሮይን ባለበት መደብ። ሲደርቅ የሚቀረው ካቲን አራተኛ መደብ ነው። ቅድም ስለ ማንኛውም መጠን የተናገርኩትን አስታውሱ። ማሽኑ ባያየውም ፖሊሱ የጠረጠረውን ሹፌር ደም በማዘዣ አስወስዶ ላብራቶሪ ይልካል። ላብራቶሪው ከስድስት በላይ መፈለግ ይችላል። ዜሮ በሚል ሕግ ስር ምርቃናው ከለቀቃችሁ በኋላም ቢሆን ቅንጣቱ በቂ ነው።

አገር ቤት ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ጫትን የእንቅልፍ መድኃኒት አድርጎ ያየዋል። እውነት ነው፣ ለጥቂት ሰዓት ያነቃል። ሲወርድ ግን የተበደረውን እንቅልፍ ከነወለዱ ይመልሳል። በዚያ ላይ ጨብሲ አለ። ምርቃናውን ለማብረድ ሁለት ሦስት ቢራ የሚጠጣ ሰው «ሞቅ እንኳ አላለኝም» ይላል። አልኮሉ ግን ደሙ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ። መተንፈሻው ስለ ምርቃና አያውቅም፤ 0.08ን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ፖሊስ ቢያስቆማችሁስ? እጃችሁ መሪ ላይ ይሁን፣ መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ አሳዩ፣ አትከራከሩ። «ዛሬ ምን ወሰድክ?» ተብሎ ሲጠየቅ ባህላችን ብዙ ያስወራናል፤ ጨዋ ለመምሰል ሳንጠየቅ እናብራራለን። በትህትና ዝም ማለት መብት ነው። ምርመራውን በተመለከተ ደግሞ ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንዱ ከመታሰር በፊት ለጥርጣሬ የሚደረግ ነው። ሁለተኛው ከታሰራችሁ በኋላ ሕጉ የሚያስገድደው ነው። መንጃ ፈቃድ ስትወስዱ ለሁለተኛው ቀድማችሁ እንደተስማማችሁ ይቆጠራል። ሚሺጋን ላይ በሙከራው ጊዜ የመንገድ ዳሩን ምራቅ እምቢ ማለት የገንዘብ ቅጣት ያስከትል ነበር፤ ከታሰሩ በኋላ የሚጠየቀውን እምቢ ማለት ግን መንጃ ፈቃድን ለአንድ ዓመት ያሳግዳል። የየስቴቱ ይለያያል። እንግሊዝኛው ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ «የስ» እያላችሁ አትነቅንቁ።

ትራክ ነጂዎች፣ የእናንተ ለብቻ ነው። ለሲዲኤል፣ ለንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ማለት ነው፣ የፌዴራል ሕግ አለ። በንግድ መኪና አልኮሉ 0.04 ነው። ማሪዋና ስቴቱ ቢፈቅድም፣ ሐኪም ቢያዝም፣ ለእናንተ የተከለከለ ነው። በግል መኪናችሁ እንኳ ሰክራችሁ ብትያዙና ቢፈረድባችሁ ሲዲኤሉ ለአንድ ዓመት ይሄዳል፤ ሁለተኛ ከሆነ ለዕድሜ ልክ። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ክሊሪንግሃውስ የሚባል መዝገብ አለ፤ አንድ ኩባንያ ያገኘባችሁን ሌላው ያየዋል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ እዚያ መዝገብ ላይ የታገደን ሰው ስቴቱ ሲዲኤሉን ይወስድበታል። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱም በ2023 የሥራ ቦታ ምርመራ ከሽንት ሌላ በምራቅም እንዲደረግ ደንብ አውጥቷል። ያ ደንብ ከመንገድ ዳሩ ፖሊስ ጋር አንድ አይደለም፤ ልኩም ዝቅ ያለ ነው። ለቲኤችሲ ማጣሪያው 4 ናኖግራም ነው፣ 25 አይደለም።

ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት የምትጠብቁ፣ ማሪዋና በፌዴራል ሕግ ዛሬም ሕገ ወጥ ነው። ስቴቱ ፈቀደ ብሎ ኢሚግሬሽን አይተዋችሁም። በ2019 ደግሞ የዜግነት መልካም ጠባይ በሚታይበት ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰክሮ በመንዳት የተፈረደበት ሰው ጠባዩ እንደጎደለ እንዲገመት ተወስኗል። የትራፊክ ጠበቃችሁ «ጥፋተኛ ነኝ በልና ይለቅ» ቢላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው።

ከአዳራሹ ብዙ ጥያቄ መጣ። አንዱን ብቻ እዚህ ልጻፈው፤ የዩበር ሹፌር ሁሉ ጥያቄ ስለሆነ። «ተሳፋሪው ከኋላዬ ቢያጨስ የኔ ምራቅ ፖዘቲቭ ይሆናል ወይ?» አለ አንድ ወንድማችን።

መልሱ፣ በጥናት ታይቷል። መስኮት በተዘጋ ጠባብ ቦታ፣ ብዙ ጭስ ውስጥ የተቀመጠ የማያጨስ ሰው ምራቅ ላይ ቲኤችሲ ለጥቂት ጊዜ ተገኝቷል። አየር ሲገባ በፍጥነት ይጠፋል። መስኮት ከፍቶ የሚነዳ ሰው 25 ናኖግራም ለመድረስ ይቸገራል። ግን የናንተ ጭንቀት ምራቁ ላይ መቅረት የለበትም። ሚኒሶታ ላይ መኪና ውስጥ ማሪዋና ማጨስ ራሱ ክልክል ነው፤ ከኋላ የተቀመጠውም ቢሆን። ሽታው ደግሞ ፖሊሱን በመስኮት ይቀበለዋል። ሰውየው ላይተር ሲያወጣ መኪናውን ደህና ቦታ አቁሙ፣ ጉዞውን በአፑ ዝጉ፣ ምክንያቱን እዚያው ጻፉ። ኮከብ ይቀንሳል ብላችሁ አትፍሩ።